የሺህ ዶላር አምፕ ለካሴት ቅጂ

ይህ ቻናል የምንዛሬ፣ የምርጫና የጦርነት ወሬ የለመደ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሄድፎን አምፕሊፋየር ልጽፍ ነው። «አሁን ይሄ ደግሞ ምን አገራዊ ጉዳይ ነው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ የዶላርም ነው፣ የቅርስም ነው።

አመሉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰውየው ደህና ሄድፎን ይገዛል። እስከዚህ ደግ አደረገ። ከዚያ አንዱ «ይሄ ሄድፎን እኮ ያለ አምፕ አይነሣም» ይለዋል። 100 ዶላር አውጥቶ አምፕ ይገዛል። ሦስት ወር ሳይሞላው «እሱማ የጀማሪ ነው፣ ወደ ላይኛው ውጣ» ይባላል። 500 ዶላር። ቀጥሎ 1,000። ቀጥሎ ቱቦ ያለው። ቀጥሎ ኬብሉ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ከእናቱ መድኃኒት ጎን አራት ኪሎ ብረት ይሸከማል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ እንኳ ይህ አመል አልተገራም።

አቋሜ ይህ ነው፦ በትክክል የሚሠራ አምፕ ያለው ሰው «ላሳድግ» ብሎ የሚከፍለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለጆሮው ምንም አይጨምርለትም። የሚሰማው የራሳችንን ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይጨምርለትም።

እስቲ በሒሳብ እንነጋገር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ሴንሃይዘር ኤችዲ 600ን እንውሰድ። 300 ኦም ስለሆነ «ከባድ፣ ኃይል የሚበላ» እየተባለ ስሙ የሚጠፋው እሱ ነው። አምራቹ ራሱ እንደሚለው 1 ቮልት ሲገባው 97 ዴሲቤል ይሰጣል። 1 ቮልት በ300 ኦም ላይ ስንት ኃይል ነው? ሦስት ሚሊዋት ከምናምን። ሙዚቃ ድንገት ከፍ የሚልበት ጊዜ አለና 10 ዴሲቤል እንጨምርለት። 107 ዴሲቤል ለመድረስ 33 ሚሊዋት ይበቃዋል። የዋት አንድ ሠላሳኛ ማለት ነው። ሻጩ ግን 6 ዋት የሚል ሳጥን ያሳያችኋል። በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጭማሪ የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ያን 6 ዋት የት ልታደርሱት ነው? አምፑን እስከ ጥግ የሚጠቀም ሰው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የጆሮ ሐኪም ነው።

አፕል አሜሪካ ውስጥ በ9 ዶላር የሚሸጣት፣ ከጣት የማትበልጥ የሄድፎን ማገናኛ 1 ቮልት ገደማ ታወጣለች። ያንኑ «ከባድ» ሄድፎን 97 ዴሲቤል ላይ ታደርሰዋለች። የድምፅ ጥራቷን በመሣሪያ የለኩ ሰዎች ያገኙት ደግሞ ጫጫታዋና መዛባቷ ከሙዚቃው ወደ 100 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ያለ መሆኑን ነው። 100 ዴሲቤል ማለት መቶ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። የሲዲ ፎርማት ራሱ 96 ዴሲቤል አካባቢ ነው የሚይዘው። ከዚህ በኋላ «የኔ አምፕ 120 ዴሲቤል ነው» የሚለው ሰው በጆሮው የማይሰማውን ነገር በሌላ የማይሰማ ነገር እያወዳደረ ነው።

ልዩነት የለም አላልኩም። አለ፤ የት እንዳለም ይታወቃል። የቱቦ አምፖች፣ በተለይ ትራንስፎርመር የሌላቸው፣ የመውጫቸው ኦም ከፍ ያለ ነው። የኤችዲ 600 ኦም ደግሞ በወፍራሙ ድምፅ አካባቢ ከ300 አልፎ ከ500 በላይ ይወጣል። መውጫው 120 ኦም ከሆነ ሒሳቡ ቤዙን በ1 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያደርገዋል። «ሞቅ ያለ፣ ነፍስ ያለው ድምፅ» የሚባለው ምሥጢር ይኸው ነው። ደስ ካላችሁ ስልካችሁ ላይ ባለው ኢኳላይዘር ቤዙን 1 ዴሲቤል ከፍ አድርጉት፤ ነፃ ነው። እንደ ሃይፊማን ሱስቫራ ያለ በእውነት የሚያስቸግር ሄድፎንም አለ፤ 1 ሚሊዋት ሲገባው 83 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚሰጠው። ለእሱ እንኳ 110 ዴሲቤል ለመድረስ ግማሽ ዋት ይበቃል። ግማሽ ዋት የሚያወጣ ንጹሕ አምፕ ደግሞ የሺህ ዶላር ዕቃ መሆኑ ካቆመ ቆይቷል። በጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ደግሞ በጣም ስሜታዊ ስለሆኑ መጥፎ አምፕ ላይ «ሽሽሽ» ይላሉ። ያ እውነተኛ ችግር ነው። መፍትሔው ግን ጫጫታ የሌለው አምፕ እንጂ ውድ አምፕ አይደለም።

«እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ መጋረጃ እንደተገለጠ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ፣ መስማትህን አልጠራጠርም። ምን እንደሰማህ ነው የምጠይቅህ። አዲሱ አምፕ ከአሮጌው በግማሽ ዴሲቤል ከፍ ብሎ ከሆነ ጆሮህ «ጮኸ» አይልህም፤ «ጠራ» ነው የሚልህ። የሱቅ ሻጭ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ እኩል ሳታደርግ ያወዳደርከው ሁሉ ውድድር አይደለም።

በ1985 እ.ኤ.አ. ቦብ ካርቨር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ስቴሪዮፋይል የተባለውን የድምፅ መሣሪያ መጽሔት ተገዳደረ። እናንተ በጣም የምትወዱትን ውድ አምፕ አምጡ፣ የእኔን ርካሽ ትራንዚስተር አምፕ እንደሱ አደርገዋለሁ አለ። ሰዎቹ ውድ የቱቦ አምፕ አመጡ። ካርቨር የሁለቱን ልዩነት በመሣሪያ እየለካ ነካካው፣ አስተካከለው። ጆሯቸውን የሚያምኑት የመጽሔቱ ሰዎች በመጨረሻ መለየት አቃታቸው። ራሳቸው ጻፉት። በኋላም ሪቻርድ ክላርክ የተባለ የመኪና ድምፅ ባለሙያ ሁለት ጤነኛ አምፖች በእኩል ከፍታ፣ በተስተካከለ ድምፅ ሲጫወቱ በጆሮው ብቻ ለይቶ የሚነግረኝ 10,000 ዶላር ይውሰድ አለ። ገንዘቡን የወሰደ አልተገኘም። እነዚህ የስፒከር አምፖች ናቸው፣ እውነት ነው፤ የሄድፎን አምፕ ግን ሥራው ከዚያ የቀለለ ነው።

ታዲያ ለምን አያበቃም? ምክንያቱም የሚጽፈውና በቪዲዮ የሚያሳየው ሰው ዕቃውን በነፃ ወይም በውሰት ይቀበላል፣ በለጠፈው ሊንክ ከተገዛ ኮሚሽን ያገኛል። ውሻ በበላበት ይጮኻል። «ያለህ ይበቃሃል» ብሎ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ማንነቱን የደበቀ አንድ መሐንዲስ ኦ2 የሚባል የሄድፎን አምፕ ንድፍ ከነልኬቱ በነፃ ለሕዝብ ለቀቀ፤ ማንም ብየዳ የሚችል ሰው በትንሽ ወጪ ሊሠራው የሚችል ነበር። በዓመቱ ድምፁ ጠፋ፤ እስከዛሬ ማን እንደሆነ አልታወቀም። የሚያሳዝነው ያን ንድፍ የሚያውቀው ሰው ቁጥር የውዱን ሳጥን ስም ከሚያውቀው ማነሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገሬ።

የሺህ ዶላሩ አምፕ ላይ ምን ትሰሙበታላችሁ? ብዙዎቻችን የምንሰማው ጥላሁንን፣ ማህሙድን፣ አስቴርን፣ ሙሉቀንን ነው። ከየት ያገኘነው? ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ ቅጂ። ቅጂው ከየት መጣ? ከካሴት። ካሴቱ ደግሞ የካሴት ቅጂ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሸክላው ቀርቶ ሁሉ ነገር ወደ ካሴት ሲገባ ትውልድ ሙሉ ሙዚቃችን በዚያች ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ቀረ። ተራ ካሴት ያለ ጫጫታ ማጥፊያ የሚይዘው 50 ወይም 55 ዴሲቤል ነው። ሙዚቃው ከጫጫታው የሚበልጠው ጥቂት መቶ እጥፍ ብቻ። አምፑ ሚሊዮን እጥፍ! በሚሊዮን እጥፍ ንጽሕና የካሴት ሽሽታን እያጎላን «ዝርዝሩ እንዴት ይሰማል!» እንባባላለን። የሚሰማው ዝርዝር የካሴቱ ሕመም ነው።

ቅጂው ሲገለበጥ የቴፑ ሄድ በጥቂቱ ጠሞ ከነበረ ቀጭኑ ድምፅ፣ የጸናጽሉና የክራሩ ጫፍ፣ እዚያው ቀርቷል። በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን ያደግን ሁሉ ሄዱ ሲቆሽሽ ዘፈኑ እንዴት ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ እናውቃለን። የጠፋውን ድምፅ አምፕ አይመልስም። በ1,000 ዶላርም፣ በ10,000 ዶላርም አይመልስም። ሊመልሰው የሚችለው ወደ ተሻለ ምንጭ፣ ወደ ዋናው ሪል ወይም ንጹሕ ወደሆነ የመጀመሪያ ካሴት መመለስ ብቻ ነው።

ይህ እንደሚቻልም ታይቷል። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸው ዘፈኖች ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ ያለው ቡዳ ሙዚክ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲያወጣቸው ዓለም ሰማ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያደረገው ውድ ማጫወቻ መግዛት አልነበረም፤ ምንጩን መፈለግ ነበር። ያንን ሥራ አንድ ፈረንሳዊ መጀመሩ ለእኛ ምን እንደሚል ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት በ2015 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው እስከ 2025 ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ ማግኔቲክ ቴፕ አብዛኛው ይጠፋል ብሎ ነው። ቴፑን የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ይለጠፋል፣ አብዛኞቹ ማጫወቻዎች መመረት አቁመዋል፣ የሚጠግናቸው ሰው እያረጀ ነው። ሀብታሟ አውስትራሊያ እንዲህ ካለች፣ አልጋ ሥር በጆንያ ካሴት ያስቀመጥን እኛ ምን እንበል?

እና እላለሁ፦ የሚቀጥለውን አምፕ ተዉት። በዚያው ገንዘብ የታደሰ ጥሩ የካሴት ዴክ፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ የድምፅ መቅጃ፣ ሄድ ማጽጃ አልኮልና ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይገዛል። ሄዱን አጽዱ። ቀጭኑ ድምፅ ከሁሉ በላይ እስኪጠራ ድረስ የሄዱን ብሎን ለእያንዳንዱ ካሴት በጥንቃቄ አስተካክሉ። በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ ቅዱ። ጫጫታውን አታጽዱ፣ ያለው እንዳለ ይቀመጥ፤ ጽዳት በኋላም ይሠራል። የካሴቱን ሽፋን በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሡ፤ የሙዚቀኞቹ ስም ያለው እዚያ ላይ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ በተለይ፣ ስትሰደዱ የያዛችኋቸው ካሴቶች አገር ውስጥ ካሉት የተሻለ ተጠብቀው ሊሆን ይችላል። ቅጂውን ማሠራጨት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከመጥፋት ማዳን ግን የዛሬ ሥራ ነው።

«ገንዘቡ የራሴ ነው» ለሚለኝ፦ አዎ፣ የራስህ ነው። ግን እዘዝ ከማለትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። መልቲሜትር ያለው ኤሌክትሪሻን ጓደኛ ፈልግ። ሁለቱ አምፖች ከሄድፎኑ ጋር ተያይዘው እኩል ቮልት እንዲያወጡ ያስተካክልልህ። አንተ ጀርባህን ስጥ፣ እሱ ሳንቲም እየጣለ ይቀያይር፣ አንተ የትኛው እንደሆነ ንገረው። አሥራ ስድስት ጊዜ። በግምት ብቻ 12 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ከመቶ 4 አይሞላም። ያደረጋችሁት ውጤታችሁን ከታች ጻፉልኝ። 12 ያገኘ ካለ፣ ከነአምፑ ስም በዚሁ ቻናል አወጣዋለሁ።