መርዶ መንገርም ሥልጠና ይፈልጋል

የሕክምና ተማሪ ቁስል መስፋትን ደጋግሞ ይለማመዳል፣ ይፈተንበታልም። «ካንሰር ነው» ብሎ ለታማሚ መንገርን ግን ብዙ ጊዜ የሚማረው ከአለቃው ኋላ ቆሞ በማየት ነው። ይህ ስህተት ነው። አንደበት የተፈጥሮ ስጦታ ነው የሚሉ ቢኖሩም ሥራው የሚለመድ ሥርዓት አለው። ሐኪሙ ዋልተር ቤይልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ ጸጥ ያለ ቦታ ከማመቻቸት ይጀምራል፤ ታማሚው ምን እንደሚያውቅና ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው።

«የፈረንጅ ዘዴ ለእኛ አይሆንም» የሚለው ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ክፉ ዜናን በቀጥታ ለታማሚው መንገራቸው ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልማድ ጋር ይጋጭ ነበር፤ በእኛ ወግ ቀድሞ የሚሰማው የቅርብ ዘመድ ነው። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ማለዳ መርዶ የሚያረዳ ሕዝብ ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተውን ያውቃል። ይህ ዕውቀት ወደ ክፍል ይግባ። ነገር ግን ልጆች ኮሪደር ላይ «እባክህ ዶክተር፣ እንዳትነግራት» ሲሉ፣ እናትየው ደግሞ አልጋዋ ላይ ሆና «ምን አገኛችሁብኝ?» ስትል ተማሪው ምን ይበል? ከምርመራው በፊት «ውጤቱን ለእርስዎ ብቻ ልንገር ወይስ አብሮዎት የሚሰማ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅን ከተለማመደ ወግንም የታማሚዋንም መብት ያከብራል። ወረፋው ረጅም ነው፣ እውነት ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሕክምናና የነርስ ትምህርት ቤቶች ከመጪው የተግባር ፈተና ጀምሮ ይህን ይፈትኑ።