«ተላመዱ» የሚሉን በምን እንድንላመድ ነው?

በዚህ ገጽ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ስንጽፍ «ካምፕ ውስጥ ላለ ሰው ይኼ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ ግን እኛንም ይነካል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ከዳ። በሦስቱ አገሮች ከ13 ሚሊዮን በላይ ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል አለቀ። በሶማሊያ ብቻ በ2022 ወደ 43 ሺህ ሰው በድርቁ ሳቢያ ሳይሞት እንዳልቀረ፣ ግማሹም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንደሚሆኑ በ2023 የወጣ ጥናት ገምቷል።

ድርቅ ድሮም ነበረ፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን በኤፕሪል 2023 እንዳስታወቀው፣ የሰው ልጅ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለው ድርቅ የመድረስ ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል። ነገሩ የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ጥቂት የዘነበውንም ከአፈሩና ከሣሩ ላይ መልሶ ይመጠዋል።

ታዲያ በየስብሰባው ለአርብቶ አደሩ የሚሰጠው ምክር «ተላመድ» የሚል ነው። የቦረና ሰው እኮ ይኼን ማንም ሳያስተምረው ሲያደርገው ኖሯል። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ ባልዲ እየተቀባበለ ውሃ ያወጣል፤ ለክፉ ቀን የግጦሽ መሬት ከልሎ ያስቀምጣል፤ ላም አልሆን ሲል ግመል ይጨምራል። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ደግሞ ጎሳው ተሰብስቦ ላም አዋጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል። ይህ ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ከየትኛውም የእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክት ይበልጥ የሠራ መድን ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ነገር ግን ቡሳ ጎኖፋ የሚሠራው ሰጪ ሲኖር ነው። ሰጪውም ተቀባዩም በአንድ ዓመት ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ማን ለማን ያዋጣል? መንጋ እንደገና እስኪበዛ ዓመታት ይፈልጋል፤ ድርቁ ደግሞ በ2011፣ በ2016 እና በ2017፣ ከዚያም በ2020 እያለ ፋታ ነሳ። እዚህ ላይ ሰውየው መላመድ አቅቶት ሳይሆን የሚላመድበት ነገር ነው ያለቀበት።

በዓለም አቀፍ ድርድር ይህ «ኪሳራና ጉዳት» ይባላል። ድሃ አገሮች ለብዙ ዓመታት ተሟግተው፣ በኖቬምበር 2022 በሻርም ኤል ሼክ ለዚሁ ፈንድ እንዲቋቋም ተወሰነ። በ2023 መጨረሻ ዱባይ ላይ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። ቃል መግባትና መክፈል ግን ለየቅል ናቸው። አሜሪካም በማርች 2025 ከፈንዱ ቦርድ ወጣች። በኖቬምበር 2025 ቤሌም ላይ ፈንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማመልከቻ ሲጠራ የመደበው 250 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለዓለም ድሃ አገሮች ሁሉ ማለት ነው።

የእኛ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻው የሚሄደው በመንግሥታት በኩል ነው። ከብቱ አልቆበት ድንበር የተሻገረ ሰው በማን ዝርዝር ይገባል? የትውልድ አገሩ «የለም» ይለዋል፤ የተጠለለበት አገር «እንግዳ ነው» ይለዋል። ጉዳቱ ደግሞ ካምፕ ድረስ ተከትሎት ይመጣል። በኖቬምበር 2023 ዳዳብን ጎርፍ ሲመታው ድርቁን ሸሽተው የመጡ ሰዎች መጠለያቸው በውሃ ተወሰደ፤ ብዙዎች ትምህርት ቤት ውስጥ አደሩ። እዚያም ቢሆን «ተላመዱ» ቢባሉ በምን ይላመዳሉ? ቦታው የተመደበ ነው፣ ቤቱ ሸራ ነው፣ ካምፑን ለቅቆ ሥራ ፍለጋ ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ራሽኑም እየተቀነሰ ነው።

ከዚህ ፈንድ ለአንድ ሰው በእጁ ገንዘብ ይደርሰዋል ብለን ተስፋ አንሰጥም። እንዲያ የሚል ደላላ ቢመጣ አትመኑት። ሆኖም የፈንዱ መተዳደሪያ ሰነድ መፈናቀልን በስም ይጠቅሳል፤ ለተጎዱ ማኅበረሰቦች በቀጥታ ስለሚሰጥ አነስተኛ ድጋፍም ይናገራል። ስለዚህ የካምፑ ተወካዮቻችን ከባለሥልጣናት ጋር ሲቀመጡ «የአገሪቱ ማመልከቻ ካምፑን ይጨምራል ወይ? የጎርፍ መውረጃ ቦይና ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ መጠለያ አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁልን፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

እስከዚያው እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ከብት፣ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ዓመት እንዳለቀበት በደብተር ጽፎ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው። ሽማግሌዎቹ እያሉ ቢጻፍ ይሻላል፤ የከብቱን ቁጥር ከነቀለሙ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው።