አብሽር መቅዘፊያ አይሆንም!

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐይቅ የደረሰ ወጣት ጀልባ ሳይሳፈር አይመለስም። መመለስም የለበትም፤ ውሃው ያምራል፣ አሣውም ይጣፍጣል። እኛ ከሽርሽሩ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን "ሞተሩ ቢጠፋስ?" ተብሎ ሲጠየቅ "አብሽሩ!" ከሚለው መልስ ጋር ነው።

አብሽር ደግ የወሎ ቃል ነው። ለታመመ ይባላል፣ ላዘነ ይባላል። ውሃ መሃል ለቆመ ጀልባ ግን ምንም አይፈይድም። ባለጀልባው ገመዱን ይስባል። ደግሞ ይስባል። ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ይጠርጋል። ተሳፋሪው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ አምባሰልን የሚያንጎራጉር አንድ ደፋር ይገኛል፣ በመጨረሻ ሁሉም ዝም ይላል። ነፋሱ ግን ዝም አይልም፤ ጀልባዋን ወደ ፈለገበት ይወስዳታል።

ልብ በሉ፤ ሞተር መጥፋቱ ተአምር አይደለም። የቤንዚን ጋኑ የአየር ቀዳዳ ሲዘጋ ይጠፋል። ፊልትሮው ሲቆሽሽ ይጠፋል። ሳር ሲጠመጠምበት ይጠፋል። ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ካርቡራተር ያለው ሞተር ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ጉልበቱ ራሱ ወደብ ላይ ከሚኖረው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ሞተሩ እንደሚጠፋ የታወቀ ነው። አደጋው ጀልባዋ ውስጥ ከሞተሩ ሌላ ምንም አለመኖሩ ነው!

"መልሕቅ እንጥላለን" የምትሉ ካላችሁ፣ የሐይቁ ጥልቅ ቦታ 80 ሜትር ገደማ ነው። ያቺ አጭር ገመድ የት ልትደርስ?

ጄት ስኪ አምጥተን እናከራይ የምትሉ ባለሀብቶችም ስሙን። ጄት ስኪ የሚታጠፈው ወደ ኋላ በሚተፋው ውሃ ነው። ሞተሩ ከጠፋ መሪውን ብታዞሩት ወደየትም አይታጠፍም።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ደሴት በነበረበት ዘመን፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሲያስተምሩ፣ ሞተር የሚባል ነገር አልነበረም። ውሃውን የሚሻገር ሰው ግን መቅዘፊያ ነበረው። ዛሬም በደንገል ታንኳ አሣ የሚያጠምድ ሰው ያለ መቅዘፊያ አይወጣም። እኛ ሞተር ገዛንና መቅዘፊያውን ጣልን። ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው?

"ላይፍ ጃኬት ይሞቃል፣ ፎቶ ያበላሻል" የሚል ወሬም ሰልችቶናል። አብዛኞቻችን ዋና የማንችል የደጋ ልጆች ነን። "እግዜር ያውቃል" የሚባለውም ሰው የሚችለውን ሁሉ ካደረገ በኋላ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ግን ባለሥልጣኑ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ መቅዘፊያው መኖር ያለበት ጀልባዋ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው እኛው እንሁን። ሂሳብ ከመክፈላችን በፊት "ወንድሜ፣ መቅዘፊያው የታለ? ጃኬቱ ለሁላችን ይበቃል? ዳር ላይ ያለ ሰው ስልክ ይዘሃል?" እንበል። አንዱ ከጎደለ አንሳፈር። አሥር ሰው እምቢ ብሎ ዳር ላይ ከቆመ፣ መቅዘፊያው በማግስቱ ይገዛል።

ሞተሩ መሃል ላይ ከጠፋ ደግሞ፦ ጃኬት ልበሱ፣ ተቀመጡ፣ ወደ አንድ ጎን አትሰብሰቡ። ቤንዚን ከሸተተ ሲጋራም ክብሪትም አይነካ። ዳርቻው ቅርብ መስሏችሁ ለመዋኘት አትዝለሉ፤ የምትንሳፈፍ ጀልባ ከዋናተኛ ትሻላለች። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙራችሁ ቅዘፉ።

ያኔ ባለጀልባው "አብሽሩ" ቢለን እናምነዋለን።