ስልኩ አልጠፋም፣ ተነጥቋል

ግማሽ ዓመት በሞላ ቁጥር አንድ ዓይነት ዜና ይነበብልናል። «ወንጀል ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል በመቶ ቀንሷል።» ከስንት ተነስቶ ስንት ደረሰ? የትኛው ወረዳ? ቀን ነው ማታ? አይነገርም። መቶኛው ይነበባል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ዜናው ወደ ስፖርት ያልፋል።

የምኖረው ጀሞ ነው። እኛ ሰፈር ቁጥሩ በምን ዘዴ እንደሚቀንስ ላስረዳችሁ።

አንዲት ሠራተኛ ሜክሲኮ ተሰልፋ፣ ታክሲ አግኝታ፣ ማታ 1፡30 ላይ ትወርዳለች። ከአስፋልቱ እስከ ብሎኳ ያለው መንገድ ጨለማ ነው። ሁለት ልጆች ቦርሳዋን ከነስልኩ መንጭቀው ይሮጣሉ። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ጣቢያ ትሄዳለች። ሌባው ይያዝልኛል ብላ አይደለም፤ መታወቂያዋም አብሮ ስለሄደ፣ አዲስ ለማውጣት የፖሊስ ማስረጃ ስለሚያስፈልጋት ነው። እዚያ ምርጫ ይቀርብላታል። ተቀማሁ ካለች ቃል መስጠት አለ፣ ምስክር ማምጣት አለ፣ መርማሪ እስኪመደብ መመላለስ አለ። ጠፋብኝ ካለች ወረቀቷን ይዛ ከምሳ በፊት ቢሮዋ ትገባለች። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ? ይህን ምክር እኔም በአንድ ጣቢያ ሰምቼዋለሁ። የመከረኝ ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀኔን ሊያተርፍልኝ አስቦ ነው።

በቃ። አንድ ግስ ተቀየረ፣ አንድ ወንጀል ከመዝገብ ወጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለስርቆት አንቀጽ 665፣ ለውንብድና አንቀጽ 670 አለው። «ጠፋብኝ» ለሚለው ግን አንቀጽ የለውም፤ ጥፋተኛዋ ራሷ ባለንብረቷ ሆናለችና። ተዘናጋች፣ ስልኳን አልደበቀችም፣ አመሸች።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1973፣ እንግሊዞች ከ1982 ጀምሮ የፖሊስ መዝገብ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷቸው፣ ሰውን በየቤቱ «ምን ደረሰባችሁ? ለፖሊስስ ተናገራችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። በአሜሪካው ጥናት ከንብረት ወንጀሎች ለፖሊስ የሚነገረው ሲሶው ገደማ ነው። መኪና ሲሰረቅ ግን አብዛኛው ሰው ያመለክታል፤ ኢንሹራንሱ የፖሊስ ወረቀት ይጠይቃላ! የስልክ ኢንሹራንስ በማይታሰብበት በእኛ አገር ሲሶው ቢነገር ተመስገን ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። የወንጀል መጠን የሚባለው የወንጀሉ ብዛት ለሕዝቡ ብዛት ተካፍሎ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበራት። ዛሬ በኮንዶሚኒየም የተሞላው ኮዬ ፈጬ ያኔ እርሻ ነበር። አካፋዩ በግምት፣ ተካፋዩ በ«ጠፋብኝ»፣ ውጤቱ ግን ከነነጥቡ ይነገረናል።

«ታዲያ ሰፈሩ ጸጥ ያለው ለምንድን ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ጸጥ ያለውማ እኛ ስለተሰበሰብን ነው። ጎረቤቴ የማታ ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣለች፤ ከክፍል ስትወጣ 2፡30 ይሆናል፣ ማንም ሊቀበላት አይችልም። ብሎካችን በየወሩ ለጥበቃ ያዋጣል። ደረጃው ላይ የብረት በር አስገጥመናል። የግቢውን አምፖል የምንገዛው እኛ ነን፤ አምፖሉም ይሰረቃል፣ ያንን እንኳ «ጠፋ» ብሎ የሚያመለክት የለም። ለአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ራይድ የሚጠራ ደመወዝተኛ አለ። ይህ ሁሉ ግብር ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ከፋዩ ይታወቃል፣ ደረሰኝ የሚሰጥ የለም፣ የትኛውም መግለጫ ላይ አይጠቀስም።

የሆነውን አልክድም። ኮሪደር ልማቱ በገባባቸው ጎዳናዎች ላይ ማታ መሄድ ከቀድሞው ይሻላል። ግን ሰው አስፋልት ላይ አያድርም። መብራቱም ካሜራውም ዋናውን መንገድ ይዞ ቀርቷል፤ ወደ ውስጥ ስትታጠፉ ያው የድሮው ጨለማ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ የማን ልጅ እንደሆናችሁ የምታውቅ ጉሊት ሻጭ፣ የሰፈሩን እንግዳ ከጫማው የሚለይ ሊስትሮ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሰፈሮቹ ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ገላን ጉራን ወደመሰሉ ሩቅ ሳይቶች ሲሄድ፣ ያ ዓይን አብሮ ተበተነ። ካሜራ ፊት ይቀርጻል እንጂ «አንተ የእትዬ እገሌ ልጅ፣ ና ወዲህ!» አይልም።

የገበያው ነገር ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም። የተሰረቀበትን ስፖኪዮ ሱማሌ ተራ ሄዶ መልሶ ገዛ የሚለውን ቀልድ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ? እንስቅና እናልፋለን። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት እኮ በአንቀጽ 682 የመሸሸግ ወንጀል ነው። ከተማው በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ ሲገድብ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያን ምክንያት አድርጎ ነበር። ያኔ ማንም ስልኩ «ጠፋበት» አላለንም። ሞተሩን ያስቆመ ከተማ፣ ያገለገለ ስልክ የሚሸጥ ሱቅ ስልኩን ከማን እንደገዛ ከነመታወቂያው መዝግቦ ይይዝ እንደሆነ ገብቶ መቆጣጠር እንዴት ያቅተዋል?

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ይኼ ነው። በጣቢያ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሌባ ሲያገኝ በእጁ ይፈርዳል። ባለፈው ክረምት ከብሎካችን ጀርባ «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ የተያዘው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት የሚሞላው አይመስልም ነበር። ከሚደበድቡት መካከል አንድ ዕድር ላይ አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ነበሩ። «ለፖሊስ አስረክቡት» ስል አንዱ ዞሮ፣ «ባለፈውም አስረክበን ነበር፤ ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ» አለኝ። ልጁን በስንት ልመና አስጣልነው። እሱም አልከሰሰም፣ የተሰረቀውም ሰው አላመለከተም። በዚያ ምሽት ጀሞ ላይ ሁለት ወንጀል ተፈጽሞ በመዝገብ ዜሮ ነው።

ለከተማው ፖሊስ የምለው አለኝ። መቶኛውን ተዉትና ጥሬ ቁጥሩን በየወረዳው፣ ከነሰዓቱ አውጡት። «ጠፋብኝ» ብሎ ማስረጃ የወሰደው ስንት ሰው ነው? ከዚያ ውስጥ ስልክና ቦርሳ ስንቱ ነው? ስንት ስልክ ለባለቤቱ ተመለሰ? ስንቱ መዝገብ ፍርድ ቤት ደረሰ? ለተቀማ ሰውም ማስረጃው በዚያው ዕለት ይሰጠው፤ ምርመራው በራሱ ጊዜ ይቀጥል። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፣ ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን መጨመር ነው። በሚቀጥለው መግለጫ ላይ የምትገኙ ጋዜጠኞችም፣ መቶኛው ተነቦ ጭብጨባው ሳይጀመር እጃችሁን አውጡና «የጠፋውስ ስንት ነው?» በሏቸው።