ጥጡም የእኛ፣ ትርትሩም የእኛ?

ዛሬ ስለ ዩኒፎርም ነው የማወራው። "ቲቸር ደሞ ሥራ ፈታ" የሚል ካለ ታግሶ ያንብብ።

መስከረም ላይ የተማሪዎቻችን ዩኒፎርም በጅምላ ተሰፍቶ መጣ። ሰሊጡ ገና ስላልደረሰ ብዙው ወላጅ ተበድሮ ነው የከፈለው። ኅዳር ሳይገባ የሸሚዙ ብብት ተተረተረ፣ ቁልፉ ረገፈ፣ ቀለሙ ለቀቀ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ሰልፍ ላይ ደብተሯን ጎኗ ላይ ለጥፋ ቆማለች። "ደብተሩን አውርጂ" ስላት እንባዋ መጣ። የቀሚሷ ጎን ተከፍቷል ለካ! ዩኒፎርም ያልለበሰ ከበር ይመለሳል የምንለው ደግሞ እኛው ነን።

ሰው ሁሉ ሰፊውን ይረግማል። ይርገም፣ እኔም አልከላከልለትም። ስፌቱን አራርቆ ክርና ጊዜ ቆጥቧል። ጨርቅ ለማትረፍ ሲል ለስፌቱ የሚተወውን ጠርዝ አጥብቧል። ጨርቁን ሳያሟሽ ስለቆረጠው በመጀመሪያው እጥበት ተሰበሰበ። ግን ያንን ዕቃ የተረከበው ማነው? ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ውስጥ እኔም ነበርኩ። ቆጠርን፣ "ሙሉ ነው" ብለን ፈረምን። አንዱንም ገልብጠን አላየንም።

አሁን ይሄን አስቡት። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ የእኛው ልጆች ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። የውጭ ገዢ ቆጥሮ ብቻ አይረከብም። በተለመደው የናሙና ሠንጠረዥ ከ500 ልብስ 50ው ያለ ምርጫ ይወጣና አንድ በአንድ ይታያል። ትልቅ ጉድለት ያለበት እስከ 3 ከሆነ ያልፋል፤ 4 ከተገኘ ጭነቱ በሙሉ ውድቅ ነው። የሚሰፋው እኮ ያው የሐበሻ እጅ ነው! ልዩነቱ ተረካቢው ላይ ነው። ለባዕድ ሲሆን ይመረመራል፣ ለልጆቻችን ሲሆን "ምን አለበት" ይባላል። መተማ ጥጥ አብቃይ አገር ነው፤ ጥጡን ለቅመን እየሸጥን የተተረተረውን መልበስ ዕጣችን ነው እንዴ?

"በዚህ ዋጋ ምን ትጠብቃለህ?" የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ በዓመት ሁለቴ የሚገዛ ልብስ ርካሽ አይደለም። ደሃ ነው እንዲያውም ጥራት የሚያስፈልገው፤ የሚቀይረው የለውማ።

ላቦራቶሪ አያስፈልገንም። ማስመሪያ፣ ነጭ ጨርቅና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል። በ1 ኢንች ውስጥ ስፌቱን ቁጠሩ፤ ሸሚዝ ከሆነ ከ10 እንዳያንስ። የጎኑን ስፌት በሁለት እጃችሁ ሳቡት፤ ከሳሳ መልሱ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹበት፤ ቀለም ከያዘ መልሱ። አንዱን ለክታችሁ እጠቡት፣ ሲደርቅ እንደገና ለኩት። ቀሪ ክፍያውም ፊርማውም ከዚህ በኋላ ይሁን።

የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ልብስ ፋብሪካ የሠራችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የምታውቁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። እኔ ከእንግዲህ ሳልገለብጥ አልፈርምም። እናንተም አትፈርሙ።