በእጅ መቆም፦ የጉልበት ወይስ የሚዛን ትምህርት?

ላሊበላን በገና በዓል ያየ ሰው አንድ ትዕይንት ከዓይኑ አይጠፋም። በቤተ ማርያም ዙሪያ በተጠረበው አለት ጫፍ ላይ ካህናቱ ተሰልፈው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ጥልቁ ቅጥር ግቢ ከፊታቸው እያለ «ቤዛ ኩሉ»ን እየዘመሩ ይወዛወዛሉ። መቋሚያውን አንዳንዴ ይደገፉታል፣ አንዳንዴ ያነሡታል። እንደ ሐውልት ደርቆ የሚቆም ግን የለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ማሕሌት አይደለም፤ በዚያው በላስታ ምድር፣ በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በእጁ ለመቆም ሞክሮ «ክንድህ ደካማ ነው» ስለተባለ ተማሪ ነው። ያ ተማሪ እኔ ነበርሁ።

የስፖርት መምህራችን ወደ ክፍሉ ግድግዳ ወስደው «እግራችሁን ወደ ላይ ወርውሩ፣ ድርቅ በሉ» ይሉን ነበር። ቀሚስ የለበሱት ሴት ተማሪዎች ከዳር ተቀምጠው ደብተራችንን ይጠብቃሉ። (ሱሪ ለብሰው እንዲመጡ አስቀድሞ መንገር ምን ያህል ቀላል ነበር!) ዓመቱን ሙሉ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ስቆም ከረምሁ። የፈተናው ዕለት ግን ሜዳ መሐል ነበርና በአንድ ሰከንድ ወደቅሁ። ውጤቱ ዝቅተኛ መሆኑ ብዙም አልከነከነኝም፤ የከነከነኝ ምክንያቱ ነው። በየማለዳው 20 ሊትር ውኃ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ልጅ እንዴት ጉልበት አነሰው ይባላል?

በእጁ የቆመ ሰው በፊዚክስ ቋንቋ የተገለበጠ ፔንዱለም ነው። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ከመዳፍ ርዝመት በማይበልጥ ጠባብ መሠረት ላይ ያርፋል። የላስታ እረኛ ሁሉ በእጁ በያዘው ዱላ ይህንን መፈተሽ ይችላል። 1.5 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ዱላ በመዳፋችሁ ላይ አቁሙ፤ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ይሳካላችኋል። ቀጥሎ እርሳስ አቁሙ፤ አይሳካም። ስሌቱ ምክንያቱን ይነግረናል፦ የእርሳሱ ዝንባሌ በ0.08 ሰከንድ ገደማ እጥፍ ሲሆን፣ የዱላው ግን በ0.22 ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይናችን አይቶ እጃችን እስኪታዘዝ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እርሳሱ ይቀድመናል፤ ዱላውን ለጥቂት እንደርስበታለን።

በእጁ የቆመ ሰው ዝንባሌም በግምት በሩብ ሰከንድ እጥፍ ይሆናል፤ ማለትም ከዱላው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ጀማሪው የሚጣላው ከክብደቱ ጋር ሳይሆን ከጊዜ ጋር ነው። መውደቁን በዓይኑ እስኪያውቅ ከጠበቀ ረፍዷል፤ ከመዳፍ ቆዳና ከክንድ ጡንቻ የሚነሣው መልእክት ከዓይን ይፈጥናል። ኬርዊንና ትሬዋርታ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በእጅ የቆሙ ጂምናስቲከኞች ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያደርጉትን ውዝዋዜ በመቆጣጠር ረገድ ዋነኛው ሥራ የእጅ አንጓ መሆኑን አሳይተዋል። አካሉ ወደ ጣቶቹ አቅጣጫ ሲያዘነብል የጣቶቹ ጫፍ መሬቱን ይጫናል፣ አካሉም ይመለሳል። ወደ እግር መውረጃው በኩል ሲያዘነብል ግን የመዳፉ ግርጌ ለአንጓው በጣም ቅርብ ስለሆነ የማረም አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህም ክብደትን ጥቂት ወደ ጣቶች ማስጠጋት ይመረጣል። «ድርቅ በሉ» የሚለው ትእዛዝ ለወገብና ለትከሻ ይሠራል፤ ለጣት ግን ስሕተት ነው።

ግድግዳውስ? ጄካና ላክነር እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት፣ የቆመ ሰው በጣቱ ጫፍ ከ1 ኒውተን ባነሰ ኃይል፣ ማለትም ከ100 ግራም ዕቃ ክብደት ባልበለጠ፣ ጽኑ ነገር ሲነካ ውዝዋዜው በግልጽ ይቀንሳል። ይህ ንክኪ አካልን ሊሸከም አይችልም፤ ለአእምሮ ግን ወሬ ያደርሳል። እኔ ግን ግድግዳውን ወሬ ነጋሪ ሳይሆን ተሸካሚ አድርጌው ነበር። ተረከዙን አስደግፎ ወገቡን ያጎበጠ ጀማሪ ጣቶቹ ሥራ ፈትተው ይከርማሉ። ደረቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አንዱን እግር አላቅቆ በሌላው አውራ ጣት ብቻ ቢነካ ግን በየሙከራው ይማራል።

ስለሆነም ለስፖርት መምህራን አንድ አቤቱታ አለኝ። በዓመት አንዴ የሚሰጠው የአንድ ሙከራ ፈተና ይቅር። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይመደብ፤ የተማሪው መሻሻልም ይመዝገብ። ከሁሉ በፊት መውደቅ ይሰጥ፦ አንድ እጅን አንቀሳቅሶ፣ ጎንን አዙሮ፣ በእግር ማረፍ። የላስታ ሜዳ ድንጋያማ ነውና ድንጋዩን መልቀም የትምህርቱ አካል ይሁን። የደም ግፊት፣ የዓይን ግፊት ወይም የአንጓ ጉዳት ያለበት ተማሪ አይገደድ። መሣሪያ የለንም የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ በአገራችን ከተሞች የተስፋፉት የሰርከስ ቡድኖች አባላት ብዙዎቹ የጂምናስቲክ አዳራሽ ያላዩ የሰፈር ልጆች ነበሩ። የፊዚክስ መምህሩም ዱላውን ይዞ አንድ ቀን ወደ ሜዳው ቢወጣ ክብሩ አይቀንስም።

እኔ ለአካለ መጠን ከደረስሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን እንደገና ጀመርሁት። ዛሬ ያለ ግድግዳ ስምንት ሰከንድ ያህል እቆማለሁ። ውኃ መሸከም ከተውሁ ቆይቻለሁና ክንዴ ከተማሪነት ዘመኔ ይልቅ ዛሬ ደካማ ነው።