የአያት እሑድ መቼ ነው?



ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አደይ አበባም በየዳገቱ ሲፈነዳ ሁላችንም አንድ ነገር እንመኛለን። ይኸውም ልጆቻችንን ይዘን ከቤት ወጥተን አንዱን ቀን አረንጓዴ መስክ ላይ መዋል ነው። ይሁን እንጂ ለሠራተኛ እናት እሑድ ማለት የልብስ አጠባ፣ የሽንኩርት ከተፋና የሳምንቱ ወጥ መሥሪያ ቀን በመሆኑ ምኞቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይሸጋገራል። እኔም ከእናንተ የተለየሁ አይደለሁም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከመስቀል ቀጥሎ በነበረው እሑድ ግን «የመጣው ይምጣ» ብዬ ተነሣሁ። መድረሻችን እንጦጦ፣ ስንመለስ ደግሞ የሽሮ ሜዳ ሱቆች ነበሩ።

ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ጠዋትም አላባራም። ታላቋ ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ሰማዩን ስታይ ጉዞው ይቅር ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ ግን፣ «የመስከረም ዝናብ ለምሳ አይቆይም፤ ተነሡ» አለችን። ድፎ ዳቦ ቆርጠን፣ ቆሎ ቋጥረን፣ ሻዩን በፔርሙዝ ሞልተን ወጣን። ለምትሞክሩት ሁሉ አንድ ነገር ላሳስብ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ መሐል ከተማ የማይሰማችሁ ብርድ እዚያ ይጠብቃችኋል። ለየልጁ ሹራብና ቅያሪ ካልሲ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ በዝናብ ጊዜ ለመከለያም በእርጥብ ሣር ላይ ለመቀመጫም የሚሆን ሰፊ ላስቲክ አትርሱ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ባለቤቴ የእሑድ ተረኛ ስለነበር አብሮን አልሄደም። እናቴን ይዣት የሄድኩትም አበባ እንድታይ ብዬ አልነበረም፤ የሁለት ዓመት ልጄን እንድትይዝልኝ ብዬ ነው። እኔ ሥራ ስውል ልጆቼን የምትጠብቅልኝ እርሷ ናት። እሑድም ያው ሥራዋ ወደ ዳገት ወጣ ማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር በሐሳቤ አልነበረም።

ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርገን ሽሮ ሜዳ ደረስን። እዚያም ሌላ ታክሲ ይዘን እስከ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ለልጄ ነገርኳት። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ብዙ ቤተሰብ የሚዝናናበት ቢሆንም፣ እኛ የዚያን ቀን የመረጥነው በእግር የሚኬድበትን ክፍት ዳገት ነበር።

አደይ አበባው ዳገቱን ቢጫ አልብሶታል። ጠብታ ያዘሉት አበቦች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ በመካከላቸው ሐምራዊው ማገጥ ከሣሩ ጋር ተደባልቆ ይታያል። ልጄ፣ «እማማ፣ ለምን እዚያ ጫካው ውስጥ አበባ የለም?» ብላ አያቷን ጠየቀች። እናቴም፣ «ያ ባሕር ዛፍ ነው። ውኃውንም ብርሃኑንም ለራሱ ይወስዳል፤ ሥሩ ብዙ ነገር አይበቅልም» ብላ መለሰችላት። በእርግጥም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ የከተማችንን የማገዶ ችግር ቢያቃልልም፣ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ቦታ አደይን የመሰለ ብርሃን ፈላጊ አበባ እምብዛም አይገኝም። ልጄ አንዱን አበባ ከነሥሩ ስትነቅል አያቷ እጇን ያዘቻት። አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ነውና ዘሩ ሳይረግፍ የተነቀለ አበባ ለመጪው መስከረም ተተኪ አይኖረውም። በየመንገዱ እቅፍ አድርገን የምንገዛውን አደይ ሳስብ እኔም ትንሽ አፈርኩ።

ዳገቱ እየበረታ ሲሄድ ትንሹ ልጅ ደከመውና አለቀሰ። እናቴ እንደ ልማዷ አዘለችው። እኔ ቦርሳዬን አንግቼ፣ አበባውን ፎቶግራፍ እያነሣሁ ወደፊት ሄድኩ። ዞር ስል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ቆማ አየኋት። ጀርባዋ ጎብጧል፤ በአንድ እጇ ጉልበቷን ይዛለች።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለአራት ዓመት ያህል ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ አሳድጋናለች። በዚያን ዘመን አያሌ የከተማችን እናቶች ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም በጀርባቸው አስረው፣ የጫካ ጥበቃ እየሸሹ ይወርዱ ነበር። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። መንገዱን ግን አይቼው አላውቅም።

«ይህች ድንጋይ ማረፊያችን ነበረች» አለችኝ። «ሸክሙን እላይዋ አሳርፈን ትንፋሽ እንሰበስብ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ተመላልሻለሁ፤ አበባ መኖሩን ግን ልብ አላልኩትም። ጎንበስ ብሎ የሚወርድ ሰው የሚያየው ከፊቱ የምትሄደውን ሴት ተረከዝ ነው።»

እኅቶቼ፣ ምን እንደምል ጠፋኝ። ልጁን ከጀርባዋ አውርጄ አዘልኩት። እርሷም ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ መልሶ ሲመጣ ላስቲኩን ዘርግተን ሥሩ ተጠጋጋንና ሻያችንን ጠጣን። እናቴ ባዶ ጀርባዋን አስደግፋ እስኪያባራ ድረስ ቢጫውን ዳገት ስታይ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረድን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉት ሱቆች ነጠላውን፣ ጋቢውን፣ ቀሚሱን ከደጃፋቸው ሰቅለዋል። በአካባቢው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ኖረዋልና ጥሩ የእጅ ሥራ ለማግኘት ምቹ ቦታ ነው። ይሁን እንጂ በማሽን ተመርተው ጥለታቸው የታተመባቸው ጨርቆችም ከሸማው ጋር ተደባልቀው ስለሚሸጡ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በልጅነቷ ፈትል ስትፈትል ያደገችው እናቴ ያሳየችኝን ላካፍላችሁ፦

በመጀመሪያ ጨርቁን ገልብጡት። የተሸመነ ጥለት ክሩ በጀርባም በኩል ይታያል፤ የታተመው ግን በጀርባው ይደበዝዛል። ሁለተኛ፣ የእጅ ሽመና ፍጹም ወጥ ስለማይሆን እዚህም እዚያም ወፈር ወይም ሳሳ ያለ ክር ብታገኙ ጉድለት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ሦስተኛ፣ ከጫፉ አንድ ክር ለምናችሁ በክብሪት ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ክር ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ከገዛችሁም በኋላ የጥለቱ ቀለም እንዳይለቅባችሁ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው እጠቡት፤ ጥላ ላይም አስጡት።

ለነጠላ ብዬ ለብቻው የቋጠርኩት 2 ሺህ 500 ብር ነበር። አንዱ ሱቅ ውስጥ እናቴ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላ ገልብጣ አይታ፣ ዳስሳ፣ አጣጥፋ መለሰችው። ሻጩ 3 ሺህ 200 ብር አለ። ተከራክረን 2 ሺህ 600 ላይ ስንስማማ ክሱ አገኘኝ። «ለልጅቷ ቀሚስ ይሁንበት» ብላ እጄን ያዘችኝ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ከቤት የት እወጣለሁ?»

ነጠላውን ገዛሁላት። ቃሏ ግን እስከ ቤት ተከተለኝ። ነጠላ ለመስጠት 2 ሺህ 600 ብር በቂ ነው። ነጠላውን ለብሳ የምትሄድበትን ቀን ግን የወሰድኩባት እኔው ነበርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን ጠዋት በሩን ዘግተን በሰላም ወደ ሥራችን የምንሄደው እናታችን ወይም አማታችን ቤት ስላለች ነው። እኛ የዓመት ፈቃድ፣ የበዓል ዕረፍት፣ የወሊድ ፈቃድ አለን። እርሷስ? «ልጆቹን ስለምትወድ አይከብዳትም» እንላለን። መውደዷ እውነት ነው፤ ጉልበቷ መድከሙም እውነት ነው። እርሷ አትጠይቅም፤ እኛም ስላልጠየቀች አይከብዳትም ብለን እንቆጥራለን።

እኔና ባለቤቴ በዚያው ምሽት ተመካከርን። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ሙሉውን ልጆቹን በተራ ልንይዝ ወሰንን። የእናቴን የኪስ ገንዘብም ከደመወዛችን ላይ፣ ልክ እንደ ቤት ኪራዩ፣ አስቀድመን ልናወጣ ተስማማን። ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቴ የምትሄድበት ጠፍቷት ልብስ ስታጥብ ዋለች። ሰው ለብዙ ዓመት ካልወጣ መውጣትንም እንደሚረሳ ያን ቀን ገባኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን አረንጓዴ ጥለት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። የሄደችው ድሮ አብራት እንጨት ትሸከም የነበረችውን ጓደኛዋን ልትጠይቅ ነው። አምሽታ ገባች። እራት ለመሥራት እንኳ አልቸኮለችም።

አደይ አበባ ጊዜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይረግፋል። እናንተም አንዱን እሑድ ምረጡ። እንጦጦ ባይመቻችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ማንኛውም መስክ ይበቃል። ስትሄዱ ግን ትንሹን ልጅ እናንተ እዘሉት፤ አያት እጇን አጣጥፋ ትሂድ።